ከዘውዴ በር ያልተነሳሁበት ቀን

የዚያን ዕለት ጠዋት ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ባቄላ እያበጠርሁ ነበር። ሰኞ ነው። ዘውዴ እሑድ ማታ አርፋለች። ሬሳዋ በዚያች በአንዲት ክፍሏ ተጋድሟል፤ እኔ ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዤ ተቀምጫለሁ። ለቀስተኛው ድንኳን ሥር ነው። ወርቄ የምትባለው ጎረቤታችን ድስቱን አጥባ መጣችና አየችኝ።

"እትየ ጥሩ፣ ያንኑ ስንዴ ስንት ጊዜ ነው የምታበጥሪው? ጠጠር የለውም እኮ።"

"እጄ ሥራ ካልያዘ ደረቴን ነው የምመታበት። ተይኝ" አልኋት።

ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ "እንደ ወጣ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪብኝ" ብያታለሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ድሮ አንድ የዘይት ፋብሪካ ነበር። እኔ ከደጀን በላይ ካለች ቀበሌ፣ ዘውዴ ከደብረ ኤልያስ መጥተን ባንድ ሳምንት ተቀጠርን። ሥራችን ኑግ ማበጠር ነው። ማሽኑ ጠጠር ከበላ ጥርሱ ይሰበራል፣ ጥርሱ ከተሰበረ ደግሞ እኛ እንባረራለን። ስለዚህ ዓይናችን እስኪጠፋ እንለቅማለን። ዘይቱን ሌላ ሰው ይበላዋል፤ ለኛ የሚተርፈን ኑጉ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ነው፣ እሱንም ለከብት ቀላቢ እንሸጠዋለን። ፀጉራችን ሳይቀር ኑግ ኑግ ይሸት ነበር።

ከፋብሪካው ግንብ ሥር ለሠራተኛ ተብሎ የተሠራ ስምንት ክፍል አለ፣ በመስመር የተደረደረ። የዘውዴ በግቢው በር በኩል የመጀመሪያው ነው። የኔ ከወዲያ ጥግ፣ ከመጋዘኑ ኋላ፣ የመጨረሻው። እዚያው ወለድን፣ እዚያው ባል ቀበርን። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኑን ነቅለው ወሰዱት፣ እኛን ግን የሚወስደን ስላልነበረ እዚያው ቀረን። ቆርቆሮ ሲያፈስ እኛው ደፈንን፣ ግድግዳ ሲላጥ እኛው መረግን።

በቅርቡ ደግሞ ቦታው ለባለሀብት ተሰጠ ተባለ። ትልቅ ሥዕል አምጥተው ከበሩ ላይ ሰቀሉ። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ቤት፣ መሀል ላይ ዛፍና መቀመጫ። ሰዎችም ተስለውበታል፤ ሁሉም ወጣት፣ አንድም ምርኩዝ የያዘ ሰው የለም። ዘውዴ አይታ "ጥሩ፣ እኛ የትኛው መስኮት ላይ ነን?" ብላ ሳቀች።

ስብሰባ ጠሩን። ከመሥሪያ ቤት የመጣው ሰው አንድ ነገር ተናገረ፣ እኔም እንደ ዳዊት ያዝሁት። "ማክሰኞ የልኬት ሰዎች ይመጣሉ። ያን ቀን ቆሞ የተገኘ፣ ሰው የሚኖርበት ክፍል ይለካል። ለተለካለት ከአዲሱ ሕንጻ አንድ ቤት ይሰጠዋል።" ቆሞ የተገኘ ነው ያለው። ወድቆ የተገኘስ? እሱን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። እስካሁን የሚቆጨኝ አንዱ እሱ ነው።

ዘውዴ ያኔ ታማ ተኝታለች። ቅዳሜ ዕለት ውኃ ስሰጣት እጄን ያዘችኝ።

"ጥሩ፣ እኔ ማክሰኞን የምደርስባት አይመስለኝም።"

"ኧረ ዝም በይ፤ ገና ፎቅ ላይ ወጥተን ወደ ታች እንተፋለን" አልኋት።

"ብርቱካን ትለካ። ልጆቿን ይዛ ሜዳ እንዳትቀር። አደራ።"

ብርቱካን ልጇ ናት። ባሏ ጥሏት ሄዶ ከሁለት ልጆች ጋር እናቷ ዘንድ ነው የምትኖር። እኔም "አደራሽን ተቀብያለሁ" አልሁ። አደራ ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወደ ሰኞ ልመለስ። ስንዴውን ስጨርስ ተወካዩ መጣ። የባለሀብቱ ተወካይ ነኝ የሚል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን መጥራት እሱን ማክበር ነው። ጥቁር ለብሷል። ድንኳን ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ተነሳና የእድራችንን ሊቀመንበር አያ ይሁኔን ጠራው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ነኝ፤ አሮጊት ፊት እንደ ዕቃ ፊት ነው የሚናገሩት።

"አያ ይሁኔ፣ ለቀብሩ ሁለት ሚኒባስ አዘጋጅተናል። ማንም እንዳይቀር። አቅመ ደካማውም፣ ልጆቹም፣ ሁሉም ይሂድ።"

"እግዜር ይስጥልን! ቤተ ክርስቲያኑ ግን እዚሁ ነው እኮ፣ በእግር ይደረሳል።"

"አይ፣ ለክብራቸው ነው። ንፍሮውንም አትድከሙበት፤ ከሆቴል ተቀቅሎ ይመጣል። ሴቶቹም ሟቿን ይሸኙ።"

ንፍሮ ከሆቴል! እስቲ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ንፍሮ ከሆቴል ሲመጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ልጅ ሲቀበር አንድ ሁለት ሴት ቤት ትቀራለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ከቀብር ለሚመለሰው ታቀርባለች። በኔ ዕድሜ ግቢ ባዶውን ቀርቶ አያውቅም። ይኸ ሰውየ ታዲያ ግቢውን ባዶ የሚፈልገው ለምንድነው?

ውኃ ልቅዳ ብየ እንስራየን ይዤ ከግቢ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ፣ ያ ቢጫው ማሽን ቆሟል፤ ቤት የሚንደው። ሾፌሩ ከጎኑ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ውኃውን ሳልቀዳ ተመለስሁ።

"አያ ይሁኔ፣ ና እስቲ" አልሁት። "ማሽን አምጥተዋል። እኛ ቀብር ስንሄድ ሊያፈርሱ ነው።"

"ጥሩ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ።"

"ሐዘን ማሽን ያሳያል? ሄደህ እይ!"

"ማሽኑ የመንገድ ሥራ ይሆናል። መኪና አምጥቶ ያከበረንን ሰው በልቅሶ ቀን እናዋርደው? ምን ይሉናል?"

"አምስት ወንድ ብቻ ይቅር። ሦስትም ይበቃኛል።"

"ደንባችንን ታውቂያለሽ። ቀብር የቀረ ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል። የሟች ጓደኛ ሆነሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ! ተይ፣ ጥሩ፣ ነውር ነው።"

ወደ ሌሎቹ ሄድሁ። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ "እትየ፣ ኋላ እናወራለን" ይለኛል። በአርባ ዓመት ኑሮየ አንድ ቀን ዋሽቻቸው አላውቅም። በዚያች ቀን ግን ከኔ ቃል ይልቅ የሚኒባስ ወንበር በለጠባቸው።

ወርቄን ጠራኋት። "አንች ሂጅ። ንፍሮውን እኔ እቀቅላለሁ።"

"አንች? ዘውዴን ሳትሸኝ?"

"አዎ።"

"እብደት ነው እትየ ጥሩ! ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል።"

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳው ወጣ። እንዴት እንደወጣ አልነግራችሁም። ቃሬዛው በአጠገቤ ሲያልፍ ጫፉን በእጄ ነካሁት፣ በቃ ያው ነው መሸኛየ። ብርቱካን ፊቷ አብጦ ወደኔ ዞረች።

"እትየ ጥሩ፣ እናቴን አይሸኟትም?"

"ሂጅ ልጄ።"

"እናቴ እኮ ናት! የርስዎ ዘውዴ!"

"ሂጅ አልሁሽ!"

ጮህሁባት፣ በእናቷ ቀብር ቀን። ሚኒባሶቹ ተነሱ፣ አቧራው ገና ሳይበርድ ግቢው ጭር አለ።

ሦስቱን ጉልቻ ከድንኳኑ ኋላ ነቅዬ አመጣሁና ዘውዴ ደፍ ላይ፣ ልክ በሩ መሀል ተከልሁት። ድስቱን ጣድሁ፣ እንጨቱን ማገድሁ፣ እኔም ከበሩ ውስጥ ተቀመጥሁ። በሐሳቤ እንዲህ ብያለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነኩት ይህን ነው። በግቢው በር በኩል ነው፣ ባለቤቷ ሞታለች፣ ማን ይከራከራቸዋል? እዚህ ከተቀመጥሁ አያልፉኝም። እንግዲህ የኔ ብልኀት ይህ ነበር።

ውኃው ገና ሳይፈላ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሽኑ በግቢው በር ገባ። ከፊቱ ተወካዩ፣ ከኋላው ድጅኖ የያዙ ሁለት ሰዎች። ተወካዩ ሲያየኝ ቆመ።

"እንዴ እማማ! ቀብር አልሄዱም?"

"አንተስ? ለሰው መኪና ሰጥተህ አንተ ቀረህ?"

"እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ንፍሮ እየቀቀልሁ ነው።"

"ንፍሮ እኮ ከሆቴል ይመጣል ተባብለናል።"

"የሆቴሉን አንተ ብላው።"

ሳቅ አለና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ድምፁን አለዘበ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። "እማማ፣ ይህ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ባለቤቷም ዐርፈዋል። ነገ ልጆቹ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ለናንተው ደኅንነት ነው።"

"ነገ የልኬት ሰዎች ይመጡ የለ? አይተው ይፍረዱ።"

"የነገው ተራዝሟል።"

"ከተራዘመ አንተም ተራዘማ! ምን አስቸኮለህ?"

ፊቱ ተለወጠ። ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ። ሾፌሩ ግን ወረደ። ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና አልጠናም። ድንኳኑን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

"ነፍስ ይማር፣ እናቴ። የሟቿ ቤት ነው?"

"አዎ ልጄ። ከወጣች ሰዓት አልሞላትም።"

ወደ ተወካዩ ዞረ። "ንፍሮ የተጣደበትን በር እኔ አላፈርስም። ከፈለግህ ሌላ ሰው ፈልግ።"

ተወካዩ ክንዱን ይዞ ራቅ አደረገው። በጆሮው ብዙ ነገር አወራው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፣ ማሽኑ ላይ ወጣ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ዞረና ከመጋዘኑ ኋላ ተሰወረ። እኔ ደግሞ ሊወጣ ነው ብየ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ መረቅሁት። "ዘርህ ይባረክ! ያሳደገችህ እናት ትባረክ!" እያልሁ ጮህሁ። መረቅሁት እኮ! ቤቴን ሊያፈርስ የሚሄደውን ሰው!

ከመጋዘኑ ኋላ መውጫ የለም። ያንን እንኳ አላሰብሁም። ከመጋዘኑ ኋላ ያለው የኔ ክፍል ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ቆርቆሮ ሲቀደድ ነው። ከዚያ ማገሩ ተንቋቋ። ያ ድምፅ የየት እንደሆነ ወዲያው ዐወቅሁ፤ ባሌ የመታውን ማገር እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል? ተነሳሁ። አንድ እግሬን ከደፉ አሳለፍሁ። ቀና ስል ተወካዩ እዚያው ቆሟል፣ ዓይኑ እግሬ ላይ ነው። ሁለቱ ድጅኖ የያዙት ከአጠገቡ ናቸው፣ አንደኛው መዳፉን እንትፍ ብሎ ድጅኖውን አጥብቆ ያዘ። እስክሄድላቸው እየጠበቁ ነው።

"ይሂዱ እንጅ እማማ፤ ዕቃዎን ያትርፉ" አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልሮጥ ነበር። አልጋየ እዚያ ነው። የባሌ ፎቶግራፍ እዚያ ነው፣ ሌላ ፎቶግራፍ የለውም። ለመገነዣየ ያስቀመጥሁት ኩታ እዚያ ነው። ብርቱካን ልጄ አይደለችም፣ ዘውዴም እንግዲህ ሞታለች፣ ማን ያየኛል? ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። እግሬን መለስሁና ተቀመጥሁ። እንጨት ማገድሁ። ግማሹን ከእሳቱ ውጭ ጣልሁት።

"አንተ ሰው" አልሁት፣ "እኔ ከዚህ የምነሳ ቀብርተኛው ሲመጣ ነው። ከፈለግህ ከነድስቱ ናደኝ።"

ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ከወዲያ የኔ ቤት ይወድቃል፤ ከወዲህ እሱ ስልኩን ያያል።

ከዚያ ድንገት ማሽኑ ጠፋ። ሾፌሩ ከመጋዘኑ ኋላ ብቅ አለ፣ እየሮጠ። በእጁ ነጠላየን ይዟል፣ አፈር በአፈር ሆኗል።

"አልጋ አለበት!" ብሎ ተወካዩ ላይ ጮኸ። "ባዶ መጋዘን ነው ብለኸኝ! ሰው የሚኖርበት ነው! ሰው ተኝቶበት ቢሆንስ ኖሮ?"

"ቀጥልበት፤ ሰባት ይቀራል" አለው ተወካዩ።

"አልቀጥልም።" ነጠላውን እያራገፈ ወደኔ መጣ። "እናቴ፣ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

መሬት ላይ ቁጭ አለ። "አላወቅሁም፣ እናቴ። ማርያምን አላወቅሁም።"

"ዓይንህ የት ነበር?" አልሁት። ይህን ሲሰማ እንባው መጣ፣ እኔ ግን አላዘንሁለትም። ዛሬም ብዙ አላዝንለትም። ማሽኑን አስነስቶ ከግቢ ይዞት ወጣ። ተወካዩም ከሰዎቹ ጋር ተከትሎ ሄደ፤ በነገራችን ላይ የሆቴሉ ንፍሮ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ቀብርተኛው ሲመለስ ንፍሮው በስሎ ጠበቀው። አያ ይሁኔ ከሚኒባሱ እንደወረደ "ምነው ጥሩ፣ አሳፈርሽን!" ነው ያለኝ። በጭልፋ እየዛቅሁ ሰጠኋቸው። አንድ አንድ እፍኝ ከቀማመሱ በኋላ ነው ከልጆቹ አንዱ "የእትየ ጥሩ ቤት የለም!" ብሎ እየጮኸ የመጣው። ብርቱካን ሄዳ አየች። ተመልሳ እግሬ ላይ ተደፋች፣ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ሌሎቹ ንፍሮውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ መዋጥም መትፋትም አቃታቸው።

ማክሰኞ የልኬት ሰዎች መጡ። አልተራዘመም ነበር። ሰባቱን ክፍል ለኩ። ብርቱካንን ስሟን ጠይቀው መዘገቧት፣ ከነልጆቿ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጡ፤ እኔ ፍርስራሹ ላይ ቆሜያለሁ።

"ይህም ይለካ" አልሁ።

ሜትር የያዘችው ልጅ አንገቷን ደፋች። "እማማ፣ ግድግዳ የሌለው አይለካም። የተባልነው ቆሞ የተገኘ ነው።"

"ትናንት ቆሞ ነበር።"

"ይሆናል፣ እማማ። ያመልክቱ።"

አመለከትሁ። አሁንም እያመለከትሁ ነው። አንዱ ቢሮ "ማን አፈረሰው?" ይለኛል። ተወካዩ ደግሞ "አርጅቶ ራሱ ወደቀ" ብሏል አሉ። ሾፌሩን ስንፈልገው ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ጎረቤቶቼም ይመሰክሩልኛል፤ ግን ምን ብለው? ቀብር ነበርን ነው የሚሉት።

ንዴቴን የጨመረው ደግሞ እድሩ ነው። በሳምንቱ ተሰብስበው የቀረሁበትን ጻፉብኝ። ደንብ ነው አሉ። ገበያም ስሄድ "ለቤቷ ስትል ጓደኛዋን ያልቀበረች" ተብሎ ተወራ። ለቤቴ! ቤቴ ወድቆ የተናገሩት ነው ይህን።

እኔ ፎቁን አልጠላም። እንዲህ ስል ይህች አሮጊት ልማት አይገባትም እንዳትሉኝ። ያ ግቢ ዝጎ፣ ውሻ ሲፈለፈልበት የኖረ ነው። ይሠራበት፣ ሱቅ ይሁን፣ ልጆች ይጫወቱበት። የምጠላው ሌላ ነገር ነው። የሰውን ሐዘን አይቶ "ዛሬ ግቢው ባዶ ነው" የሚል ሰው እጠላለሁ። እሱ ግን ከውጭ የመጣ ነው፤ አያውቀኝም። ከሱ ይልቅ የሚያቃጥለኝ፣ አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ "ወንድ ይቅርልኝ" ስላቸው መኪና ውስጥ የገቡት ናቸው። ድሮ ብዙ ሆነን አንድ ላይ ከሄድን ክፉ አይነካንም እል ነበር። አሁን ሁሉም አንድ ላይ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ማን ቀረ ብየ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። መኪና የሰጣችሁን ሰው አመስግኑት፤ ግን እሱ ራሱ የት እንደሚውል ዕወቁ።

አንድ ነገር አድርጌያለሁ። እድሩ ፊት ቆሜ ተሳደብሁ፣ ማንንም አላስቀረሁም፣ አያ ይሁኔን ጨምሮ። እስኪሰለቻቸው ጮህሁ። አሁን ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ቀብር ሲኖር ሁለት ወንድ ግቢ ይቀራል፣ የቀሩትም አይጻፍባቸውም። የኔ የተጻፈው ግን አልተፋቀም።

ሰባቱ ክፍል ሕንጻው እስኪያልቅ እንዲቆዩ ተወስኗል፤ ግንባታው ከመጋዘኑ ኋላ ተጀምሯል፣ የኔ ቤት የነበረበት ላይ። እኔ አሁን ከብርቱካን ጋር ነው የምኖር፣ ዘውዴ አልጋ ላይ እተኛለሁ። ብርቱካን "ቤቱ የርስዎም ነው" ትለኛለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሜ የለም። ዘውዴ መቃብር ሄጄ ነግሬያታለሁ። ሳልሸኛት የቀረሁበትን ይቅር በይኝ ብያታለሁ።

ባለፈው ወርቄ መጣች። ከበሩ ላይ ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። "ምን ሆነሻል?" አልኋት።

"እትየ ጥሩ፣ እኔ እኮ አይቼው ነበር" አለችኝ። "ማሽኑን። ሚኒባሱ ከግቢ ሲወጣ እሱ ሊገባ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ በመስኮቱ አየሁት። አውርዱኝ ልል አፌን ከፈትሁ። ሬሳ ከፊት እየሄደ መጮህ አፈርሁና ዘጋሁት።"